ከጉድጓድ ወደ ስልክ፦ ጨዋታ ቤት ሲቀይር

ባሌ ሮቤ ከተማ ውስጥ ባጃጆች ተራ ይዘው በሚቆሙበት ጥግ ዳማ አይጠፋም። ሰሌዳው ከካርቶን ተቆርጦ በእስክሪብቶ የተሰመረ ነው። ጠጠሩ የለስላሳ ቆርኪ ነው፤ አንዱ ወገን ቆርኪውን በጀርባው፣ ሌላው በሆዱ ያስተኛዋል። ጠዋት ከሰነቴ አምባ በኩል የሚወርደው ብርድ ገና አልለቀቀም። ሁለት ሾፌሮች ጃኬታቸውን እስከ አገጫቸው ዘግተው ሰሌዳው ላይ አጎንብሰዋል፤ አራት አምስት ሰው ዙሪያቸውን ቆሟል። አንደኛው የሚበላ ቆርኪ ከፊቱ እያለ ሳያየው ሌላ ገፋ። ተጋጣሚው ወዲያው አልተናገረም። ቀና ብሎ የተመልካቹን ፊት ቃኘ፤ አንዳቸውም እንዳይጠቁሙበት በዓይኑ ተማጸነ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ሦስት ቆርኪ በአንድ ዝላይ ለቀመ። ጩኸቱ ከመንገዱ ማዶ ተሰማ።

«አንተ፣ ቀድሜ አይቼው ነበር!»

«ካየኸውማ ለምን አልበላህም?»

እዚያው አጠገብ፣ ባጃጅ ውስጥ ተራውን የሚጠብቅ ሌላ ወጣት ስልኩ ላይ ያንኑ ዳማ ይጫወታል። ስልኩ የሚበላውን ጠጠር አረንጓዴ አብርቶ ያሳየዋል። ሌላ ጠጠር ልንካ ቢል እምቢ ይለዋል። ሕጉ አንድም ጊዜ አይጣስም፣ የሚያልፍ ስህተትም የለም። ልጁ ሁለት ጨዋታ ጨርሶ ስልኩን ኪሱ ከተተና ወደ ካርቶኑ ሰሌዳ ተጠጋ።

ሁለቱም ዳማ ናቸው። እንዲያውም ሕግ በማክበር ከሄድን የስልኩ ይበልጣል። ሰው የተሰበሰበው ግን በካርቶኑ ዙሪያ ነው። ሰሌዳ ላይ ወይም መሬት ላይ የኖረን ጨዋታ ወደ ስክሪን የሚያሸጋግር ባለሙያ መጀመሪያ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ ይሄ ይመስለኛል፤ ምኑን ይዤ ልሂድ? ምኑን ልተው?

ብዙ ጊዜ «እውነተኛ» የሚባለው መልክ ነው። የእንጨቱ ቀለም፣ የጠጠሩ ጥላ፣ የድምፁ ጥራት። መልክ ግን በገንዘብና በጊዜ የሚገዛ ነገር ነው። በ1988 (እ.ኤ.አ.) ኢንተርፕሌይ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ባትል ቼዝ» የሚባል የኮምፒውተር ቼዝ አወጣ። ጠጠሮቹ በሰሌዳው ላይ በእግራቸው ይሄዳሉ፤ አንዱ ሌላውን ሲበላ ሰይፍ ይማዘዛሉ፣ ይዋጋሉ፣ ይወድቃሉ። ያየው ሁሉ ተደነቀ። ነገር ግን አንድ ወታደር አንድ ቤት እስኪራመድ መጠበቅ፣ ያንኑ ፍልሚያ ለአሥረኛ ጊዜ ማየት ቼዙን ለሚወድ ሰው ሸክም ነው። ጨዋታው ራሱ እንቅስቃሴ የሌለው ተራ ሰሌዳ በአማራጭነት ይዞ ነበር፤ ከልቡ ቼዝ ለመጫወት የሚቀመጥ ሰው የሚመርጠውም እሱን ነው። በቼዝ ውስጥ ያለው ጦርነት በተጫዋቹ ጭንቅላት ውስጥ ነው፤ ሰይፉን ማሳየት ለዚያ ጦርነት ምንም አልጨመረለትም።

በእኔ እምነት ታማኝነት ለመልክ ሳይሆን ለውሳኔ መሆን አለበት። ተጫዋቹ መሬት ላይ ሲቀመጥ የሚያስጨንቀው ነገር ስክሪን ላይም ካስጨነቀው ጨዋታው ተሻግሯል። ካላስጨነቀው የተሻገረው ቆዳው ብቻ ነው። ይህንን በገበጣ ላይ ማየት ይቻላል።

የባሌ ደጋ ልጅ ገበጣ ለመጫወት ከሱቅ የሚገዛው ነገር የለም። ከብት ይዞ የወጣ እረኛ መሬቱን በጣቱና በእንጨት ይቦረቡራል፣ ከወንዝ ዳር ጠጠር ይለቅማል፣ ጓደኛውን ይጠራል። ከአንድ ጉድጓድ ያሉትን ጠጠሮች በሙሉ ያነሳና አንድ በአንድ ወደ ቀጣዮቹ ጉድጓዶች እየጣለ ይዞራል። በብዙዎቹ የአገራችን ገበጣዎች የመጨረሻዋ ጠጠር ሌላ ጠጠር ባለበት ጉድጓድ ካረፈች ጨዋታው አይቆምም፤ የዚያን ጉድጓድ ጠጠር አንስቶ መዞሩን ይቀጥላል። ባዶ ላይ ስታርፍ ተራው ያልፋል። አንድ እጅ ጠጠር ሰሌዳውን ሁለት ሦስት ጊዜ ሲያስዞር፣ ፊት ለፊት የተቀመጠው ሰው ትንፋሹን ይዞ የመጨረሻዋን ጠጠር ይከታተላል።

ይህ ጨዋታ ዕድሜው ረጅም ነው። በየሐና በኤርትራ በሚገኘው መጠራ ከተገኙ የአክሱም ዘመን ቅሪቶች መካከል የገበጣ ሰሌዳ ናቸው የተባሉ አሉ፤ ወደ 6ኛውና 7ኛው ክፍለ ዘመን ይወስዱናል። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 (እ.ኤ.አ.) በ«ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» ባሳተመው ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ የሚገኙ ከመቶ የሚበልጡ የገበጣ ዓይነቶችን መዝግቧል። ባለ ሁለት ረድፍ አለ፣ ባለ አራት ረድፍ አለ፤ ባለ ሦስት ረድፉ ደግሞ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ እምብዛም የማይገኝ ነው። «ላም ወለደች» የሚባል አለ። በአንዱ ቀበሌ ሕግ የሆነው በሌላው ማጭበርበር ነው።

አዲስ አበባ ላይ ዳዊት አብርሃም የመሠረተው ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት ይህንን ጨዋታ ስልክ ላይ አውጥቶታል። ድርጅቱ ቀደም ሲል «ኩኩሉ» በሚለው፣ ዶሮ በምትሮጥበት የስልክ ጨዋታ ታውቋል። አገር ቤት ያደገ ጨዋታን አገር ቤት ያለ ባለሙያ ወደ ስልክ ሲያመጣው ትልቅ ነገር ነው፤ በየኪሱ ያለው ስልክ የውጭ አገር ጨዋታ ብቻ ተሸክሞ እንዳይኖር መንገድ ከፍቷል። ከዚህ በኋላ የምለው በአንድ ድርጅት ሥራ ላይ የተሰጠ ዳኝነት አይደለም። ገበጣን ወደ ስልክ የሚያስገባ ማንም ሰው የሚገጥመውን ነው የምናገረው።

መጀመሪያ የሚገጥመው «የትኛውን ገበጣ?» የሚለው ነው። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ጉድጓድ ዙሪያ ሲቀመጡ ጠጠር ከመነሳቱ በፊት ንግግር አለ። በእናንተ አገር እንዴት ነው? ስንት ስንት ነው የምንጀምረው? አራት ሲሞላ ይበላል ወይስ አይበላም? ይህ ንግግር ከጨዋታው ውጭ የሆነ ዝግጅት አይደለም። ሁለቱ የሚለካኩበት የመጀመሪያው ዙር ነው፤ ብልጥ ሰው እዚህ ላይ ይጠቀማል። ስልክ ግን አንድ ሕግ ይዞ ይመጣና ሌላውን ሁሉ ስህተት ያደርገዋል። የጎባው ሰው የወሎውን ሕግ፣ የወሎው የትግራዩን ተገዶ ይማራል። ይህንን ለማስቀረት የሚጠይቀው ሥራ ከባድ አይደለም። ለኮምፒውተር የረድፉን ብዛት፣ የመነሻ ጠጠሩን ቁጥር፣ የአበላሉን ደንብ ተለዋዋጭ ማድረግ ቀላል ነው። ሁለት ሰው ሲገናኝ ስልኩ «በማን ሕግ?» ብሎ ይጠይቅ፤ አንዱ ሐሳብ ያቅርብ፣ ሌላው ይቀበል ወይም ይከራከር። ያኔ ክርክሩም ወደ ስልኩ ገባ ማለት ነው።

ሁለተኛው ፍጥነት ነው። ኮምፒውተር ሠላሳ ጠጠር በዓይን ጥቅሻ ይበትናል። ፊት ለፊት ያለው ሰው ግን ምን እንደደረሰበት አያውቅም፤ ሰሌዳው ድንገት ተለውጦ ያገኘዋል። በእጅ እንደሚደረገው አንድ በአንድ ካስጣልነው ደግሞ የመጀመሪያው ጨዋታ ያምራል፣ ሦስተኛው ያሰለቻል። ጠጠር ስትጣል የሚጠፋው ጊዜ ባዶ ጊዜ አለመሆኑን መገንዘብ ያስፈልጋል፤ ተቃራኒው የሚቆጥርበት፣ የሚሰጋበት፣ የሚጸልይበት ጊዜ ነው። መሃለኛዎቹን ጠጠሮች ማፍጠን ይቻላል፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ጠጠሮች ግን ቀስ ይበሉ። ዳኛዋ የመጨረሻዋ ጠጠር ናትና።

ሦስተኛው ቁጥር ነው። አብዛኛው የስልክ ገበጣ በየጉድጓዱ ላይ ስንት ጠጠር እንዳለ በአኃዝ ይጽፋል። ለተጫዋቹ ታስቦ ነው፤ እኔ ግን ጨዋታውን የሚያጎድል ይመስለኛል። መሬት ላይ ሰው የሚቆጥረው በዓይኑ ነው። ሦስትና አራት በግልጽ ይለያሉ፤ አሥራ አንድና አሥራ ሁለት ግን ክምር ናቸው። ጥሩ ገበጣ ተጫዋች የሚባለው ክምርን አይቶ የሚገምት ነው። ጠጠሩን በጣቱ ገፋ ገፋ አድርጎ የሚቆጥር ሰው ደግሞ የትኛውን ጉድጓድ እንዳሰበ ለባላጋራው አሳወቀ። አኃዙ ሲጻፍ ይህ ሁሉ ይጠፋና የመደመር ልምምድ ይሆናል። አኃዙ ይደበቅ፤ መቁጠር የፈለገ ጣቱን ጉድጓዱ ላይ ያሳርፍ፤ ሲቆጥርም በሌላው ስልክ ላይ ያ ጉድጓድ ይታይ። በስክሪን ላይ እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ከሺህ የእንጨት ሥዕል ይልቅ መሬቱን ያመጣል።

አራተኛው መሸነፍ ነው፤ እዚህ ላይ ግን ከእውነቱ ጎን አልቆምም። በብዙ የገበጣ ዓይነት አንድ ዙር ሲያልቅ ያሸነፈው በበላው ጠጠር ልክ የሌላውን ጉድጓድ ይወርሳል። ተሸናፊው በሚቀጥለው ዙር በአምስት፣ ከዚያ በአራት፣ ከዚያ በሦስት ጉድጓድ ይጫወታል። እንዲህ እየተገፋ ያለ ሰው መሬት ላይ የሚቆየው ስለሚሳቅበት፣ ስለሚመልስ፣ ከብቱም እስኪመሽ ስለማይገባ ነው። ብቻውን ስልክ የያዘ ሰው ምን ያስቆየዋል? ዘግቶት ይወጣል። ስለዚህ ስልክ ላይ መሸነፍን ማሳጠር ይገባል፤ እጅ መስጠት ክብር ያለው ምርጫ ይሁን፣ ወይም ጨዋታው በሁለት ዙር ይለቅ። በአንዳንድ ባለ ብዙ ዙር ገበጣ ደግሞ ጠጠሩ ማረፊያ አጥቶ ሲዞር ሊኖር የሚችልበት አጋጣሚ አለ። መሬት ላይ ሁለቱ ሰዎች ተያይተው «ተወው» ይባባላሉ። ለኮምፒውተሩ ግን የት ላይ እንደሚያቆም የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል።

ባላጋራው ራሱ ኮምፒውተር ሲሆን ሌላ ችግር ይመጣል። በ2002 (እ.ኤ.አ.) አምስተርዳም ከተማ በሚገኘው ፍራየ ዩኒቨርሲቲ ጆን ሮማይንና ሄንሪ ባል የተባሉ ተመራማሪዎች የምዕራብ አፍሪካውን የገበጣ ዘመድ «አዋሪ»ን እስከ መጨረሻው ፈቱት። ወደ 889 ቢሊዮን የሚጠጉ የሰሌዳ አቀማመጦችን ኮምፒውተር አስልቶ፣ ሁለቱም ወገን ካልተሳሳተ ጨዋታው እኩል እንደሚያልቅ ታወቀ። በ2007 (እ.ኤ.አ.) የካናዳው ጆናታን ሼፈርና ባልደረቦቹ በባለ 64 ቤቱ ዳማ ላይ ተመሳሳይ ውጤት አገኙ። የማይሳሳት ባላጋራ ማግኘት ይቻላል ማለት ነው። ማን ይፈልገዋል? እንደ ሰው የሚሳሳት ኮምፒውተር መሥራት ነው ከባዱ። በዘፈቀደ የሞኝ እርምጃ የሚወስድ ሳይሆን፣ ትልቅ ክምር ሲያይ የሚጎመጅ፣ ሲቸኩል ከሩቅ ጥግ ያለውን የሚረሳ።

እውነትን በብዛት መጫን ምን እንደሚያደርግ ከገበጣ ራቅ ብለን ጦር ሜዳ ላይ ማየት እንችላለን። በፕሩሲያ ባሮን ፎን ራይስቪትስ በ1812፣ ልጁ ደግሞ በ1824 (እ.ኤ.አ.) የጦር መኮንኖች የሚሠለጥኑበት ጨዋታ አቀረቡ። ካርታ አለው፣ ዛር (ዳይስ) አለው፣ የጥይት ጉዳት ሠንጠረዥ አለው፣ ዳኛ አለው። ጥሩ ነበር፤ ሕጉ ግን እየከበደ ሄደ። በ1876 ቬርዲ ዱ ቬርኑዋ የተባለው መኮንን ሠንጠረዡንና ዛሩን ገለል አድርጎ፣ ጦርነት ያየ ዳኛ በልምዱ ይፍረድ አለ። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1979፣ ሪቻርድ በርግ «ካምፔይን ፎር ኖርዝ አፍሪካ» የተባለ የሰሌዳ ጨዋታ አሳተመ። ለመጨረስ 1,500 ሰዓት ያህል እንደሚፈጅ ይነገርለታል። እያንዳንዱ የነዳጅና የውሃ በርሜል ይቆጠራል፤ የጣሊያን ወታደሮች ፓስታ ለመቀቀል ተጨማሪ ውሃ ያስፈልጋቸዋል የሚል ሕግ ሳይቀር አለው። ይህንን ኮምፒውተር ውስጥ ብናስገባው ስሌቱን ማሽኑ ስለሚሠራልን ሸክሙ የሚቀልል ይመስላል። ታዲያ ፓስታውን ማሽኑ ከቆጠረው ተጫዋቹ ስለ ፓስታው የሚወስነው ምን ይቀረዋል? ማሽን ስለቻለ ብቻ የሚገባ ዝርዝር ከተጫዋቹ ዓይን ይሰወራል። የማይታይ እውነት ደግሞ ለጨዋታ አይጠቅምም።

እስካሁን ከጠቀስኳቸው ሁሉ ይበልጥ ወደ ስክሪን ቢገባ የምጓጓለት አንድ ጨዋታ አለ፤ የአገራችን ሰንጠረዥ። ዛሬ ቼዝ ሲባል የሚታወቀው ዓለም አቀፉ ነው። የእኛው ሰንጠረዥ ግን በነገሥታቱና በመኳንንቱ ቤት ለዘመናት ኖሮ፣ ከጣሊያን ወረራ በኋላ የተዳከመ፣ የራሱ ሕግ ያለው ጨዋታ ነበር። ሰሌዳው ጥቁርና ነጭ ያልተቀላቀለበት፣ መስመር ብቻ የተሰመረበት ቀይ ጨርቅ ነው። ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደርና መደቅ አሉት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አገራችን የኖረው የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ስለዚህ ጨዋታ ጽፏል፤ ፓንክረስትም በ1971 (እ.ኤ.አ.) ታሪኩንና ሕጉን ሰብስቦ አሳትሟል።

ሰንጠረዥን ከሌላው የቼዝ ቤተሰብ የሚለየው አጀማመሩ ነው። ወረራ ይባላል። ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ፣ እያንዳንዱ በፈለገው ፍጥነት፣ የፈለገውን ያህል ጊዜ ጠጠሩን እያንቀሳቀሰ ጦሩን ያሰልፋል። አንዱ ዓይኑን ከሌላው እጅ አይነቅልም፤ ያ ፈረሱን ወደ ግራ ካወጣ ይህ ደሩን ይመልሳል፤ ያ ያፈረሰውን ይህ እንደገና ይሠራል። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ተራ በተራ ነው። አጨራረሱም ክብር ይለካበታል። በደር ወይም በፈረስ የተሰጠ ማት ብዙም አያስመሰግን፤ በመደቅ፣ በተራው ወታደር፣ ንጉሥ ያስጨነቀ ግን ይደነቃል።

ሁለት የጦር አበጋዞች ተራ ተጠባብቀው ሠራዊት አያሰልፉም። ስለዚህ ወረራ ለጦርነት ከዓለም አቀፉ ቼዝ የቀረበ ነው፤ ደስታውም ከዚያው ይመነጫል። እውነቱና ጣዕሙ አንድ ላይ የተገኙበት ጥቂት ቦታ ቢኖር ይሄ ነው። አሁን ወደ ስልክ እናግባው። አንዱ ሮቤ፣ ሌላው አዲስ አበባ ሆነው በኔትወርክ ይጋጠሙ። የአንዱ ኔትወርክ ለግማሽ ሰከንድ ቢዘገይ ጦሩ ተዘርፎ ያድራል። በታማኝነት እንዳለ የተቀዳው ወረራ የእጅና የዓይን ፉክክር መሆኑ ቀርቶ የኔትወርክ ፉክክር ይሆናል። ሁለቱ ሳይተያዩ ለአንድ ደቂቃ ያሰልፉና ከዚያ መጋረጃው ይነሳ ብንል ፍትሐዊ ይሆናል፤ ግን ወረራ መተያየት ነው፣ መተያየቱን ከወሰድንበት ሞተ። እኔን የሚያሳምነኝ መፍትሔ ሌላ ነው። ጊዜው እንደ ከበሮ ምት ይቆጠር። በየሁለት ሰከንዱ ሁለቱም አንድ አንድ እርምጃ ይምረጡ፤ እርምጃቸው በአንድ ጊዜ ይታይ፤ ወዲያው ቀጣዩ ምት ይምጣ። መሬት ላይ እንዲህ ያለ ሕግ ኖሮ አያውቅም። በሕጉ ውሸት ነው። ተጫዋቹ የሚሰማው ጥድፊያ፣ የሌላውን እጅ መጠበቅ፣ ያሰበውን ማፍረስ ግን እንዳለ ይመጣል። በተረፈ አንድ ስልክ መሃል አስቀምጠው ለሚጫወቱ ሁለት ጓደኛሞች እንደ ጥንቱ ልቅ ይሁን፤ ጣታቸው ይጋጭ።

ዛርን በተመለከተ ዓለም ያለፈበት ልምድ አለ። በ1974 (እ.ኤ.አ.) ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ያወጡት «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ሰዎች ጠረጴዛ ከበው፣ ዛር እየጣሉ፣ ታሪክ እየፈጠሩ የሚጫወቱት ነው። በ1998 የዚሁን ጨዋታ ሕግ ይዞ ወደ ኮምፒውተር የመጣው «ባልደርስ ጌት» ዛሩን ከበስተጀርባ ደብቆ ውጊያውን ሳያቋርጥ እንዲሄድ አደረገ። በ2023 የወጣው ሦስተኛው ክፍል ደግሞ ወደ ተራ በተራ ተመለሰ፤ ዛሩም በስክሪኑ መሃል ሲንከባለል ይታያል። የዛሩ መንከባለል ለስሌቱ አያስፈልግም። ተጫዋቹ እንዲጠብቅ ነው። ያው ጨዋታ ክፉ ዕጣ ተደጋግሞ እንዳይወጣ የሚያለዝብ ምርጫም አለው። የ«ሲቪላይዜሽን» ጨዋታ ፈጣሪ ሲድ ማየር በ2010 ባደረገው ንግግር እንዳስረዳው፣ ሦስት ለአንድ የማሸነፍ ዕድል አለህ የተባለ ሰው ሲሸነፍ ጨዋታው ያጭበረበረው ይመስለዋል። ሰው ሒሳቡን ሳይሆን የተሰማውን ነው የሚያምነው።

ዕጣን ካነሳን ደግሞ ባሌ ራሱ ለጨዋታ ሠሪ ከባድ ፈተና አለው። ከጎባ ወጥቶ ወደ ሪራ የሚወስደው መንገድ የአስታውን ቁጥቋጦ አልፎ ሰነቴ አምባ ላይ ያወጣል፤ ከባሕር ወለል ከ4,000 ሜትር በላይ። ጅብራ እዚህም እዚያም ቆሟል፣ ነፋሱ ፊት ይገርፋል፣ ቱሉ ዲምቱ በ4,377 ሜትሩ ከጎን ይታያል። ዕድል የቀናው ሰው ቀይ ቀበሮ ያያል። የአካባቢው ኦሮሞ ጄዳላ ፈርዳ ይለዋል። በዓለም ላይ የቀሩት አምስት መቶ ገደማ ናቸው፤ ከግማሽ በላዩ የሚኖረው በባሌ ተራሮች ነው። ብሔራዊ ፓርኩ በ2023 (እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

አንድ ወጣት ስለዚህ እንስሳ የሰሌዳ ጨዋታ፣ ከዚያም የስልክ ጨዋታ ልሥራ ቢል መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ የመንጋ አደን ይሆናል፤ ቀበሮዎች ተሰባስበው ትልቅ እንስሳ ሲከቡ። ፊልም ላይ ያየው የሌላ አገር ተኩላ እንዲህ ነውና። የባሌው ቀይ ቀበሮ ግን እንዲህ አይኖርም። ጎህ ሲቀድ ቤተሰቡ ይሰበሰባል፣ ሰላምታ ይለዋወጣል፣ የግዛቱን ድንበር አብሮ ይዞራል። ከዚያ ይበታተንና እያንዳንዱ ለየብቻው ፍልፈል ያድናል፤ በተለይም በባሌ ብቻ የሚገኘውን ትልቁን ፍልፈል። መሬቱ የጋራ፣ እንጀራው የግል ነው። ይህ እውነት ከመንጋ አደኑ የበለጠ ጨዋታ አይሆንም? ተጫዋቾቹ ድንበር ለመጠበቅ ይተባበራሉ፣ ለመብላት ይሻማሉ።

ከባዱ በሽታው ነው። በ2003 (እ.ኤ.አ.) በወይብ ሸለቆ የተነሳው የእብድ ውሻ በሽታ በተጠቃው አካባቢ ከነበሩት ቀበሮዎች ወደ ሦስት አራተኛ የሚጠጉትን ጨረሰ። በሽታው የሚመጣው ከውሻ ነው፤ ውሻው ደግሞ ጎዳንቱ በሚባለው የከብት ዝውውር ወቅት ከብቱን ይዞ ወደ ደጋው ከሚወጣው አርብቶ አደር ጋር ይወጣል። በጨዋታ ውስጥ ያለ ማስጠንቀቂያ ቤተሰብህን የሚጨርስ ካርድ ማስገባት ተጫዋቹን ያባርራል። ካርዱን ማውጣት ደግሞ ስለ ባሌ መዋሸት ነው።

እዚህ ላይ እውነቱን ሳይቀንሱ ጠለቅ ብሎ መመርመር መውጫ ይሰጣል። ከዚያ ወረርሽኝ በኋላ በ2006 (እ.ኤ.አ.) «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት የታተመ ጥናት ያሳየው ይህንን ነው፤ ቀበሮዎቹን ሁሉ መከተብ አያስፈልግም። ሸለቆዎቹን በሚያገናኙት ጠባብ መተላለፊያዎች የሚኖሩትን መከተብ በሽታው ከሸለቆ ወደ ሸለቆ እንዳይሻገር ያግዛል። ጥቂት ክትባት፣ ጥቂት መተላለፊያ፣ የቱን ትዘጋለህ? ይህ የተፈጥሮ ባለሙያዎች በብርድ እየተንቀጠቀጡ የወሰኑት ውሳኔ ነው፤ ለጨዋታ ፈጣሪ ደግሞ በሰሃን ቀርቦለታል። ማት ሊኮክ በ2008 ያሳተመው «ፓንዴሚክ» የተባለው የሰሌዳ ጨዋታ በመላው ዓለም የተወደደው በዚህ መንገድ ነው። እዚያ በሽታ አንዴ የነካቸው ከተሞች ካርድ ተበውዞ ከላይ ይመለሳል፤ ስለዚህ አደጋው ድንገተኛ ቢሆንም ከየት ሊመጣ እንደሚችል ተጫዋቹ ያውቃል። የሰነቴው ጨዋታም ከብቱ ወደ ላይ ሲወጣ ያሳይ፣ ውሾቹን ያሳይ፣ ክትባቱን በእጅ ይስጥ። ከዚያ በሽታው ቢመጣ ተጫዋቹ ጨዋታውን አይረግምም፤ የዘጋውን መተላለፊያና የተወውን ያስባል።

ይህንን በመጀመሪያ ስልክ ላይ መሥራት ስህተት ይመስለኛል። በካርቶን ይሠራ፣ በቆርኪ ይሞከር፣ ዲንሾ ላይ ከከብት ጠባቂዎችና ከፓርኩ ጠባቂዎች ጋር ይጫወቱበት። ካርቶን ላይ የሚያሰለች ሕግ ስክሪን ላይም ያሰለቻል፤ ልዩነቱ ካርቶኑን በመቀስ ማስተካከል መቻሉ ነው።

በመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የምትማሩ የሮቤና የጎባ ወጣቶች፣ እንደ እናንተ በየክልሉ ያላችሁም፣ ይህ ለእናንተ ነው። ፓንክረስት ያን ሁሉ ገበጣ ከመዘገበ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኗል። ሕጉን በቃላቸው የያዙ አረጋውያን ዛሬ በየመንደሩ ቁጥራቸው እያነሰ ነው። ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት ገበያ ሲውል፣ ከብት ሲጠበቅ፣ ከስግደትና ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሲቀመጥ አጠገባቸው ቁጭ በሉ። ስልካችሁን ለመቅረጽ ተጠቀሙበት። እንዴት እንደሚጀመር፣ እንዴት እንደሚበላ፣ ምን እንደሚያጣላ፣ ሲጣሉ ማን እንደሚዳኝ በኦሮምኛም በአማርኛም ጻፉት። አብራችሁ ተጫወቱና ተሸነፉ። ከዚያ ኮዱን ጻፉ።